ለበልግ የተቀመጠ ገብስ

ወልደአረጋይን አገሩ በሁለት ነገር ያማው ነበር። አንደኛው ቋጣሪነቱ ነው፤ ሌላው ሰው ከሠርግ ቤት ጥጋቡን ይዞ ሲመለስ እሱ ከመንገድ ዳር ጭራሮ ለቅሞ ይመለሳል ይሉታል። ሁለተኛው ደንብ ወዳድነቱ ነው። አንድ ነገር ደንብ ነው ከተባለ፣ ደንቡ እግሩን የሚያስቆርጠው እንኳ ቢሆን እግሩን ያቀርባል እንጂ ደንቡን አይነካም። ሐሜት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። በመጨረሻ እግሩን የበላው ያው ደንቡ ነው።

ቤቱ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ገና ደጋውን ሳይለቅ፣ ከገደሉ አናት ላይ ነበር። ከገደሉ በላይ ገብስና ባቄላ ይዘራል፣ ከገደሉ በታች ማሽላ። ከላይ የሚኖረው ክርስቲያኑ ነው፣ ከታች ሙስሊሙ፤ ዓርብ ዓርብ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ወልደአረጋይ እስከ 1967 ዓ.ም. የአንድ ፊታውራሪ ጭሰኛ ነበር። ያመረተውን ወደ ፊታውራሪው ጎተራ ያስገባል፤ የዘር ወቅት ሲደርስ ከዚያው ጎተራ ይበደራል፤ የተበደረውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የገዛ ላቡን ተበድሮ በእጥፍ የሚከፍል ሰው ቋጣሪ ባይሆን ነበር የሚገርመው።

የመሬት አዋጁ በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን የመንደሩ ጭሰኛ ሁሉ ዱላና መጥረቢያ ይዞ ወደዚያ ጎተራ ሄደ። ከፊት የነበሩት ወልደአረጋይና የልጅነት ጓደኛው ወልደሩፋኤል ናቸው። የፊታውራሪው አሽከር ከጎተራው ጀርባ ተኩሶ የወልደሩፋኤልን ታናሽ ወንድም ደረቱን መታው። ሁለተኛ ጥይት ሳያጎርስ ወልደሩፋኤል ደረሰበትና በመጥረቢያ ትከሻውን ሰነጠቀው። ከወደቀ በኋላ ደግሞ መታው፤ ከሞተም በኋላ መታው። መጥረቢያውን ከእጁ ያስጣለው ወልደአረጋይ ነው። ፊታውራሪው በዚያው ጫካ ገባ፣ የሁለቱ ሰዎች ደም የጎተራው ደፍ ላይ ደረቀ፣ ጎተራውም የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ወልደሩፋኤል ሊቀመንበር፣ ወልደአረጋይ ደግሞ ንብረት ጠባቂ ሆነው ተመረጡ።

ማኅበሩ አንድ ነበር፤ ሆዱ ግን ሁለት ነው። አዋጁን የሚጠላ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያቺን መሬት ለፊታውራሪው መልሱ ቢባል ሁሉም እኩል ይሞትላታል። የተለያዩት በጎተራው ነው። የወልደሩፋኤል ወገን አብዮቱ መመገብ አለበት ይላል፤ አዳራሽ ይሠራ፣ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ለዘማች ስንቅ ይውጣ፣ ለበዓሉ ይደገስ። ወንድሙን በዚያ ጎተራ ሰበብ የቀበረ ሰው ነውና፣ እህሉን ማስቀመጥ ወንድሙን ሁለተኛ መቅበር መስሎ ይታየዋል። የወልደአረጋይ ወገን በበኩሉ ካለን በላይ አንበላም፣ ዘር ከተነካ በዓመቱ ሌላ ፊታውራሪ ደጅ መጥናታችን አይቀርም ባይ ነው። እነዚህን ቋጠሮዎች ብለው ሰየሟቸው። ስሙ ሲወጣ ለቀልድ ነበር። በኋላ ሰው ተገደለበት።

ከቋጠሮዎቹ አንዱ ፈረጅ ነው። ፈረጅ የቆላው ሰው፣ ማሽላ አራሽና የበቅሎ ነጋዴ ሆኖ የቆላውን ገበሬ ወክሎ ኮሚቴ ውስጥ የገባ ነው። ድሮ በጭሰኝነቱ ዘመን ወልደአረጋይን ውርጭ እህሉን አቃጥሎበት ሚስቱ ሸዋወርቅ አራስ ሆና ስትራብ፣ ፈረጅ አንድ ጭነት ማሽላ ከደጃፉ አራግፎ ስለዋጋው ሳይናገር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ወልደአረጋይ ማንንም ሲጠረጥር ፈረጅን ጠርጥሮ አያውቅም።

በ1970 ጥር ላይ ከአውራጃው አንድ ካድሬ ተመድቦ መጣ። ጓድ ከማለት በቀር ስሙን የሚጠራው አልነበረም። ሽጉጡን ከኮቱ በላይ ይታጠቃል። በመጣ ሳምንቱ ሁለት ሰዎችን መንገድ ዳር አስረሽኖ ሬሳቸው ለገበያተኛው መቀጣጫ እንዲሆን አስውሏልና፣ እሱ ሲናገር የሚያስነጥስ ሰው አልነበረም። ካድሬው ማኅበሩን ሰብስቦ ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ልዑክ ድግስ እንዲደገስ፣ ከዚያ የተረፈው ገብስ ተሽጦ አዳራሹ እንዲጀመር ጠየቀ። ወልደሩፋኤል ደገፈ። ወልደአረጋይ ተነስቶ ጎተራው ውስጥ ያለው የበልግ ዘር ብቻ እንደሆነ፣ ዝናቡም ደጅ እንደቆመ አስረዳ።

«ዘር አይበላም፣ ጓድ። ዘር የበላ ገበሬ ልጁን እንደበላ ይቆጠራል።»

እጅ ይውጣ ተባለ፤ ቋጠሮዎቹ አሸነፉ። ሰው ካድሬውን ቢፈራም ረሃብን ይበልጥ ያውቀዋላ። ካድሬው ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ምንም ሳይል ወጣ። ወልደአረጋይ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ ድምፅ ተሰጥቷል፣ ደንብ ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የት ሄዶ!

በዚያው ሳምንት ዓርብ ቀን ወንድ ሁሉ ለድጋፍ ሰልፍ አንኮበር እንዲወጣ ታዘዘ። ሰልፉ ላይ ካድሬው እሑድ ዕለት መኪና ወደ ጎተራው እንደሚልክ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፤ አብዮቱ የቋጠሮዎችን እጅ አይጠብቅም አለ። ወልደአረጋይ ቁልቁል እየሮጠ ተመለሰ። ቢደርስ የጎተራው የኋላ ግድግዳ ተፈልቅቋል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከወለሉ ላይ የቀረው ዶሮ የማይጠግብበት ጥሬ ነበር። እንደ ሴት ወይዘሮ አለቀሰ ብለው በኋላ አምተውታል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እውነትም አልቅሷል።

ወልደሩፋኤል ቋጠሮዎቹ ደብቀውት ነው አለ። ቋጠሮዎቹ ደግሞ የወልደሩፋኤልን ወገን ጠረጠሩ። ጎራዴ የተማዘዙም ነበሩ፤ አንዱ ጣቱን አጣ። ያን ጊዜ ነው ወልደአረጋይ አውጫጭኝ ይጠራልኝ ያለው።

አውጫጭኝ ያባቶች ደንብ ነው። ንብረት ሲጠፋ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ያየ የሰማ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል፤ ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ሳያጋልጥ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስሙን ብቻ ያወጣል። ስም እስኪወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ሸንጎው የሚበተነው ወይ ሌባው ሲታወቅ ነው፣ ወይ አውጫጭኙን ያስጠራው ሰው ተነስቶ «ንብረቴን አግኝቻለሁ» ሲል። ሴት አትገባበትም። ለውጡ ከመጣ ወዲህ የፊውዳል ልማድ ነው ተብሎ ቀርቶ ነበር።

ሸዋወርቅ ይቅርብህ አለችው። ፈረጅም በማለዳው ከቆላ ወጥቶ መጣና ከበሩ ውጭ አቁሞ ለመነው።

«ወልዴ፣ ተው። የዛሬ ሸንጎ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚቀመጥ። ዘሩ ጠፋ ብለህ ዝም በል። የጠፋ ነገር በአላህ ፈቃድ በጊዜው ይገኛል።»

«ዝናቡ እኔን ይጠብቃል?»

«አንተ ብቻ ዝም በል።»

ወልደአረጋይ ፈረጅ ፈሪ ሆነ ብሎ አዘነበት። በቁጣው ላይ ቁጣ ጨመረና ወደ ካድሬው ሄደ። ካድሬው የመጣውን መኪና ባዶውን መልሶ በግኖ ስለነበር፣ አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ሲነገረው ፊቱ ፈካ። ሰው ራሱን በራሱ የሚያጋልጥበት ስብሰባ እሱ በየቀኑ በግድ የሚሠራው ነው፤ ይኼኛው ደግሞ በፈቃዱ ሲመጣለት ለምን ይጠላዋል?

ወንዱ ሁሉ ከጎተራው በታች ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ይዘው ዙሪያውን ከበቡ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ወፍ አለፈ። ሌሊቱን ውርጭ ወረደባቸው፤ ተያይዘው እየተንቀጠቀጡ አደሩ። ሲነጋ ካድሬው ዋናውን ሽማግሌ ወልደ ሰንበትን ወፏ ምን አለች ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ወፍ በጠመንጃ አትጠራም አሉት። የጠመንጃ ሰደፍ አፋቸው ላይ አረፈ። ጥርሳቸውን ከነደማቸው መዳፋቸው ላይ ተፍተው ሲያዩት፣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ሰጪው ወልደሩፋኤል እንዲሆን ታዘዘ። አልናገርም ያለ አንድ ጎልማሳም በቀበቶ ጀርባው እስኪተለተል ተገረፈ።

ረፋዱ ላይ ሴቶቹ ውሃ ይዘው መጡ። ጠባቂዎቹ እንስራውን ከሜዳው ዳር አስቀምጠው እንዲመለሱ አዘዟቸው። ሸዋወርቅ ግን አልተመለሰችም። ጠባቂውን አልፋ ባሏ ወደተቀመጠበት ስትሄድ ሜዳው ሁሉ ዓይኑን አነሳ።

«አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል በጆሮህ ልንገርህ» አለችው።

ወልደአረጋይ ዘወር ብሎ አያት። ደክሞታል፣ አፍሯል፣ አውጫጭኙን የጠራው እሱ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ደንቡን ማክበር ያለበት እሱ ነው። የገዛ ሚስቱ ስታፈርስበት ካድሬው ቆሞ እየሳቀ ነበር።

«ሴት አውጫጭኝ አትገባም። ሂጂ።»

 አፏን ከፈተች፣ ካድሬውን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ጠባቂው በሰደፍ ወገቧን ገፍቶ አስወጣት።

ከዚያ በኋላ ወፏ መጣች። ጥማቱ ነው ያመጣት፣ ዱላው ነው ያመጣት፤ ወንድ ልጅ ቤቱ ለመግባት ሲል የማያመጣት ወፍ የለችም። አንዱ ተነስቶ ወልደሩፋኤል ጆሮ ላይ ዓርብ ዕለት ብዙ የተጫኑ በቅሎዎች ቁልቁል ሲወርዱ ሩቅ ሆኖ ማየቱን ተናገረ። የሚቀጥለው የቆለኛው በቅሎዎች ናቸው አለ። ሦስተኛው ስም ጠራ። ከሦስተኛው በኋላ ያለው ወረፋውን ጠብቆ ያንኑ ስም ደገመ፤ ያየም ያላየም። ወልደሩፋኤል ስሙን አወጣው።

«ወፏ ፈረጅ ትላለች።»

ወልደአረጋይ ብድግ አለ። ወፏ ዋሽታለች፣ ዓርብ የገበያ ቀን ነው፣ የነጋዴ በቅሎ ዓርብ ካልተጫነ መቼ ሊጫን ነው ብሎ ጮኸ። ለፈረጅ በነፍሴ ዋስ ነኝ አለ። አውጫጭኝ ያስጠራ ሰው ራሱ በወፏ ላይ ሲነሳ አገሩ አይቶ አያውቅም፤ ካድሬው ግን ሌባና ተቀባይ ተገኘ ብሎ አስያዘው። እጅና እግሩን አስረው በእንጨት ላይ ገለበጡትና ውስጥ እግሩን በጎማ ይገርፉት ጀመር። መጀመሪያ ጮኸ። ቆዳው ሲከፈት ጩኸቱን ተወና እንደ ታረደ በሬ ያጓራ ጀመር። እህሉ የት ነው ይሉታል፤ አላውቅም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አያውቅም። ማወቅ ቢፈልግም ከየት ያመጣዋል?

ፈረጅ ቆሞ ይኼን አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ያደርግ ነበር አሉ አጠገቡ የነበሩት። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ፊት ወጣ።

«እሱን ልቀቁት። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

የት አደረስከው ተባለ። ሸጥኩት፣ በረሃ ወርዷል፣ አሁን በአፋር ሆድ ውስጥ ነው አለ። ካድሬው የአብዮቱን ንብረት የዘረፈ ቋጠሮ ይኼውላችሁ ብሎ ሽጉጡን አወጣ። ወልደሩፋኤል «ይታሰር፣ ፍርድ ይቅረብ» ብሎ የካድሬውን እጅ ሊይዝ ሞከረ፤ ካድሬው በክርኑ ገፈተረው። ፈረጅ መሬት ላይ የተጋደመውን ጓደኛውን ቁልቁል አየው።

«ወልዴ፣ በልጉ እንዳያልፍህ» አለው።

ሸሃዳውን እየደገመ ሳለ ካድሬው ግንባሩን መታው። በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በፊቱ ተደፋ፤ ካድሬውም አንገቱ ላይ ደገመው። ደሙ ወልደአረጋይ ተኝቶ እስካለበት ድረስ ፈሰሰ። ወልደሩፋኤል ዞር ብሎ አስመለሰው። ወንድሙ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር።

ሬሳው እስኪመሽ እንዳይነሳ ተከለከለ። የፈረጅ ሚስት አፊፋ ከቆላ ወጥታ ቁራውን በነጠላዋ ስታባርር ዋለች። ሰዎቹ ግን ተለቀዋል፤ አንድ በአንድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በአጠገቧ እያለፉ ቤታቸው ገቡ።

ወልደአረጋይን በቃሬዛ አምጥተው መደብ ላይ አጋደሙት። ሸዋወርቅ ቅቤ አቅልጣ ውስጥ እግሩን ትቀባለች፣ እሱ ደግሞ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ፈረጅ ዋሸ፣ ለእኔ ብሎ ዋሸ፣ ያልሠራውን ሠራሁ አለ ይላል። ሰምታ ሰምታ ስትጨርስ እጇን ጠረገች።

«አልዋሸም። የወሰድነው እሱና እኔ ነን» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሸዋወርቅ ካድሬው በእጅ ብልጫ ተሸንፎ ዝም ሲል ዝምታው አላማራትም። ፈረጅን አማከረችው። ዓርብ ወንዱ ሁሉ ሰልፍ ሲወጣ ፈረጅ የገበያ ቀኔ ነው ብሎ ቀረ፤ ግድግዳውን ፈልቅቀው በበቅሎዎቹ ጭነው ገበያተኛ መስለው ቁልቁል አወረዱት። በጠራራ ፀሐይ። ፈረጅ ግቢው ውስጥ ካለው የማሽላ ጉድጓድ ከተተው፣ አፉን በአፈር ደፈነ፣ እስከ ዝናቡ ድረስ ሊያቆይ ማለ። ለወልደአረጋይ ያልነገሩት ስላላመኑት አልነበረም። ማል ቢሉት ምሎ እውነቱን የሚናገር ሰው ነው፤ ደንብ ነዋ። ጠባቂውም እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ሜዳው ድረስ የመጣሁት ይኼን ልነግርህ ነበር። ‹አግኝቻለሁ› ብትል ይበተን ነበር። ሴት አትገባም አልከኝ።»

ይኼን ስትል አላለቀሰችም። ወልደአረጋይ ለመነሳት ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው። ከመደቡ ወድቆ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር ያጋጨው ጀመር። ሸዋወርቅ አልከለከለችውም። ደም ሲፈስ ካየች በኋላ ነው ይዛ የመለሰችው።

ዝናቡ በየካቲት ወረደ። ከገደሉ በላይ ያለው መሬት ሁሉ ተዘራ። ካድሬው ዘሩ ከየት መጣ ብሎ ሰዎችን አስገረፈ፤ ከዘመድ ተበደርኩ ከማለት በቀር የሚናገር ጠፋ፤ ወልደሩፋኤል ራሱ ሁለት ጥርሱን እስኪያጣ ተመቶ ከዘመድ ነው አለ። በዚያን ጊዜ ወፏ የት ነበረች? አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የመጣ ጀግንነት ነው፤ ቢሆንም ከናካቴው ከመቅረት ይሻላል። መሬት የዋጠውን ደግሞ ካድሬም አያወጣው። ወልደአረጋይ ከዚያ ወዲያ በሁለት ምርኩዝ እየሄደ ደርግ እስኪወድቅ ኖሯል፤ ሸዋወርቅ ያልተቀመጠችበት ስብሰባ ላይም ተቀምጦ አያውቅም።

እሱን ዕድሜ ልኩን ያንገበገበው ግን ግርፋቱ አልነበረም። ጉድጓዱ የተከፈተ ዕለት ነው።

ዝናቡ ሊጥል ሲያጉረመርም፣ በበቅሎ ላይ ተጭኖ ከሸዋወርቅ ጋር ወደ ቆላ ወረደ። አፊፋ ጥቁር ለብሳ ጠበቀቻቸው። አካፋ አመጣችና የጉድጓዱን አፍ ራሷ ገለጠችው። ገብሱ አንድ ፍሬ ሳይጎድል ተቀምጦ ነበር። ወልደአረጋይ መሬት ላይ ተቀምጦ ቁናውን ያዘ፤ ለእያንዳንዱ የማኅበር አባል እኩል እየሰፈረ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተተ፤ የፈረጅን ስም ላንሾካሾኩትም፣ ለወልደሩፋኤልም። ማኅበሩ ሲቋቋም የተወሰነ ነው፤ ድርሻ እኩል ነው። በመጨረሻ አንዱን ጆንያ ከሌሎቹ ለይቶ አፉን በልጥ አሰረና በሁለት እጁ ወደ አፊፋ ገፋው።

«ይኼ የፈረጅ ድርሻ ነው» አላት።

አፊፋ ጆንያውን አየችው። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችውና ቀስ አድርጋ ወደሱ መለሰችለት።

«ይውሰዱት፣ ጋሽ ወልዴ። ገብስ እኛ ቆላ አይበቅልም።»